ለኃይል የሚሆን ሳር ለማልማት ካሰባችሁ መጀመሪያ ገዢ ፈልጉ

ሳር ነው፣ መቼም ራሱ ይበቅላል ብለው የሚገቡበት ብዙ ናቸው። ይሄ ግን ለከብት የሚታጨድ ግጦሽ አይደለም፣ ነዶ ወይም ባዮጋዝ ሆኖ ኃይል የሚሰጥ ነው። ሚስካንተስን የመሰለ ሳር አንዴ መሬት ከያዘ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይቆያል። ዘንድሮ የምትወስኑት ነገር እስከዚያ ድረስ አይለቃችሁም።

ስለዚህ አንድም ችግኝ ሳትገዙ ገዢውን አግኙ። ሳር ክብደቱ ትንሽ ነው፣ የሚይዘው ቦታ ግን ብዙ። መኪናው ጢም ብሎ ሞልቶ ሚዛኑ ገና ይሆናል፣ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ትርፉን ትራንስፖርት ይበላዋል። በቅርብ ርቀት ባዮማስ (ሳርና እንጨትን የመሰለ የዕፅዋት ነዳጅ) የሚያነድ ቦይለር፣ ኃይል ማመንጫ ወይም ፔሌት (ተጨምቆ የተደበለበለ ትንንሽ ማገዶ) አምራች ከሌለ፣ በእኔ እምነት መትከሉ ይቅር። ውል ስትፈርሙ ደግሞ ክፍያው በደረቁ ክብደት ይሁን በጥሬው፣ እርጥበቱ ከስንት በመቶ እንዳይበልጥ፣ ታስሮ ይቅረብ ወይስ ተከትፎ፣ አጫጁስ ማን እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። 30 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ቶን ሳር ውስጥ 300 ኪሎው ውሃ ነው፤ ገዢው ይህን አይረሳም።

ምርጫው በአየሩና በገንዘባችሁ ይወሰናል። ግዙፉ ሚስካንተስ ፍሬያማ ዘር አይሰጥም፤ የሚተከለው ሪዞም በሚባለው አፈር ውስጥ በሚያድገው ግንዱ ነው። በሄክታር ከ10,000 እስከ 20,000 ያህል ሪዞም ስለሚፈልግ መነሻው ውድ ነው። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይቀበራል፣ እስኪተከልም መድረቅ የለበትም። ስዊችግራስ በዘር ስለሚዘራ ይረክሳል፣ ግን ዘሩ ደቃቅ ነው፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር ብዙም ሳይጠልቅ፣ እግር በማይሰምጥበት ጠበቅ ባለ አፈር ላይ ይዘራ። ሙቀትና በቂ ዝናብ ባለበት ደግሞ ዝሆኔ ሳር አለ። ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ ወስዳችሁ ሁለቱን አንጓ ትቀብራላችሁ፣ በቃ። እርጥብ እያለ የሚታጨድ ከሆነ ግን ከማንደድ ይልቅ ለባዮጋዝ ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ አረም። የመጀመሪያው ዓመት ሁሉን ይወስናል። ችግኙ ያን ጊዜ ሥሩን እየሰደደ ስለሆነ ከላይ ሲያዩት ደካማ ነው፣ አረሙ ደግሞ አይጠብቀውም። በተለይ እንደ ሰርዶ ያለውን ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ አረም ከመትከላችሁ በፊት አጥፉት፤ ሳር ውስጥ ሳር መንቀል ቀላል አይደለም፣ አንዱን ለይቶ የሚገድል መድኃኒት ማግኘትም እንደዚያው። በዚያ ዓመት ዩሪያ አትጨምሩ። አረሙን ነው የምትቀልቡት። ክፍት የቀረ ቦታ ካለም ቶሎ ተክታችሁ ሙሉ፣ ዝም ከተባለ ለዓመታት የአረም ጎጆ ይሆናል።

ገንዘብ የሚያልቅባቸው እዚህ ላይ ነው። ሚስካንተስ በመጀመሪያው ዓመት ለገበያ የሚሆን ምርት የለውም፣ በሁለተኛው ጥቂት ይገኛል፣ ሙሉ ምርቱ የሚመጣው ከሦስተኛው ወዲህ ነው። መካከለኛ አየር ባለበት ጥሩ ማሳ በሄክታር ከ10 እስከ 15 ቶን ደረቅ ምርት ይሰጣል። እስከዚያ የምትኖሩበት ሌላ ገቢ ይኑራችሁ።

ክረምቱ ብርዳማ በሆነበት አገር ሳሩ አረንጓዴ እያለ አትጨዱት። ብርዱ ሲመታው ንጥረ ነገሩ ወደ ሪዞሙ ይወርዳል፣ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል፣ ማዳበሪያ የሚቆጥብላችሁም ይሄ ነው። የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ፖታሲየሙንና ክሎሪኑን ያጥበዋል። እነዚህ ሳይታጠቡ ሳሩ ውስጥ ከቀሩ አመዱ ቀልጦ ቦይለሩ ላይ ይጋገራል፣ ብረቱንም ይበላል። በመጠበቃችሁ ቅጠሉ ረግፎ ክብደቱ ይቀንሳል፣ ያም ሆኖ የተሻለ ነዳጅ ታገኛላችሁ። ብቻ አዲሱ ቡቃያ ሳይወጣ ጨርሱ፣ በጭቃም ትራክተር አታስገቡ። እርጥብ ሳር አስራችሁ ከከመራችሁ ይሻግታል፣ ከውስጥ ግሎም እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

በመጨረሻ ማሳውን የማጽዳቱን ወጪ ከመጀመሪያው ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡ። አዲሱ ቡቃያ ሲለመልም ፀረ አረም ተረጭቶ ይታረሳል፣ ያመለጠውን ሪዞም ደግሞ በቀጣዩ ሰብል ወቅት መከታተል ያስፈልጋል። መሬቱ የኪራይ ከሆነ ይህን ማን እንደሚሠራ ከባለቤቱ ጋር አሁኑኑ በጽሑፍ ተስማሙ።