የዶሮ ወጥ ቁሌት አሠራር፦ ወጡ ዶሮው ሳይገባ እንዴት ይበላሻል?

ዶሮ ወጥ የበዓል ወጥ በመሆኑ ጉድለቱ የሚታወቀው እንግዳው ሁሉ ማዕድ ከከበበ በኋላ ነው። ወጡ ቀጠነ፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ አለ፣ ሽንኩርቱ ሳይሟሟ ፍሬ ፍሬ ሆኖ ቀረ፣ ከሥሩ አርሮ ሽታው ወደ ሥጋው ገባ የሚሉት ቅሬታዎች ሁሉ ምንጫቸው አንድ ሲሆን እርሱም በጥድፊያ የተሠራ ቁሌት ነው። ዶሮውን በኋላ ማስተካከል ይቻላል፤ ያልበሰለ ቁሌት ግን ሥጋው ከገባበት በኋላ የሚታረምበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው በአብዛኛው ስለ ሽንኩርትና ስለ በርበሬ ነው።

ለአንድ መካከለኛ ዶሮ ሁለት ኪሎ ያህል ቀይ ሽንኩርት፣ ከ100 እስከ 150 ግራም በርበሬ፣ 250 ግራም ገደማ ንጥር ቅቤ፣ አንድ ሙሉ ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብልና በተመጋቢው ቁጥር ልክ እንቁላል ይዘጋጃል። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ለጀማሪ ከመጠን ያለፈ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ከሽንኩርት ክብደት ከአሥር እጅ ዘጠኝ ያህሉ ውኃ ስለሆነ ድስት ሙሉ የነበረው ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ከሥር ጥቂት ሆኖ ይገኛል። ዶሮ ወጥን የሚያወፍረው ዱቄት ሳይሆን ይህ ቀሪ ነው። ትንሹ የአበሻ ሽንኩርት ውኃው አነስተኛ በመሆኑ ወፍራም ቁሌት ይሰጣል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ገበያ በብዛት የሚገኘው ትልቁ ቢጫ ሽንኩርት ግን ውኃ የሚበዛበትና ጣፋጭነት ያለው በመሆኑ ሲቁላላ ተጨማሪ ጊዜ ይወስዳል።

ሽንኩርቱ በተቻለ መጠን ደቅቆ መከተፍ አለበት። ዓይን እንዳያቃጥል አስቀድሞ ለግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማቆየትና በደንብ በተሳለ ቢላ መክተፍ ይረዳል፤ የደነዘዘ ቢላ ሽንኩርቱን እየጨፈለቀ ይበልጥ ያስለቅሳል። በማሽን የሚፈጭ ሰው ደግሞ አጭር አጭር እያደረገ ማቋረጥ ይገባዋል። ጭማቂ እስኪሆን ድረስ የተፈጨ ሽንኩርት ከድስቱ እየተፈናጠረ ይረጫል፣ ሥሩን ቶሎ ይይዛል፣ መራራነትም ይቀናዋል።

የተከተፈው ሽንኩርት ሥሩ ወፍራም በሆነ ድስት ውስጥ ያለ ዘይትና ያለ ቅቤ፣ በደረቁ፣ በመካከለኛ እሳት ይጣዳል። ይህ ልማድ ለቅቤ ቁጠባ ብቻ የተያዘ አይደለም። ሽንኩርቱ ውስጥ ውኃ እስካለ ድረስ የድስቱ ሙቀት ውኃ ከሚፈላበት ነጥብ ብዙ ስለማያልፍ ሽንኩርቱ ከመጠበስ ይልቅ ይለሰልሳል፤ ቅቤው መጀመሪያ ከገባ ግን ጠርዙ ተጠብሶ ይደርቅና በቀላሉ አይሟሟም። ውኃው ሲመጥና ሽንኩርቱ ከሥር መያዝ ሲጀምር ጥቂት ሙቅ ውኃ ጠብ አድርጎ በማማሰያ የድስቱን ሥር መፋቅ፣ እንደገና እስኪመጥ መጠበቅ፣ እንደገና ጠብ ማድረግ ነው። ቀለሙ ከነጭ ወደ ወርቃማ፣ ከዚያም ወደ ቡናማ የሚያልፈው በዚህ መመላለስ ሲሆን ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። መድረሱ የሚታወቀው ጥቂት ቁሌት በማማሰያ ጀርባ ተጭኖ ሲታይ የሽንኩርት ፍሬ የማይለይበት ሲሆን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ፤ ወጡ እንዲቀላ ወይም እንዲበረክት በሚል ቲማቲም ገና በመጀመሪያው ይጨመራል። ኮምጣጣ ነገር የአትክልትን መለስለስ የሚያዘገይ በመሆኑ ሽንኩርቱ ሰዓታት ቢቆይም ፍሬው ሳይጠፋ ይቀራል። ቲማቲም በዶሮ ወጥ ውስጥ ቦታ አለው ብዬ አላምንም፤ የግድ ይግባ የሚል ሰው ግን ሽንኩርቱ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ይታገሥ።

ቁሌቱ ቢያር የመጀመሪያው ደንብ ሥሩን አለመፋቅ ነው። እሳቱን አጥፍቶ፣ ያላረረውን የላይኛውን ክፍል ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ድስት መገልበጥና መቅመስ ያስፈልጋል። የማረር ሽታው ቀላል ከሆነ ሥራው ይቀጥላል። ምሬቱ ምላስ ላይ የሚቀር ከሆነ ግን ስኳርም ሆነ ቅቤ ስለማይሸፍነው፣ በርበሬውና ዶሮው ሳይባክኑ በአዲስ ሽንኩርት መጀመር ይሻላል።

ሽንኩርቱ ሲሟሟ ከተዘጋጀው ቅቤ ግማሹ ይገባና አብሮ ጥቂት ይቁላላል፤ ቀጥሎ እሳቱ ቀንሶ በርበሬው ይጨመራል። የበርበሬን ቀለምና ማቃጠል የሚሰጡት ነገሮች በውኃ ሳይሆን በስብ የሚሟሙ ናቸው፤ በርበሬ ከቅቤ ጋር ሲቁላላ ወጡ በሙሉ የሚቀላውም ስለዚህ ነው። በኃይለኛ እሳት ላይ በደረቅ ድስት የገባ በርበሬ ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ይጠቁርና ይመራል፤ ቤቱንም በሳል ይሞላዋል። ውጭ አገር በአፓርታማ የሚኖሩ ወገኖቻችን የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኾ ጎረቤት የሚሰበሰብባቸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህች ቅጽበት በመሆኑ መስኮቱን አስቀድሞ መክፈትና ሙቅ ውኃውን በእጅ አቅራቢያ ማድረግ ብልኅነት ነው። በርበሬው ጠብ ጠብ እየተደረገበት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል ሦስት ሩብ ሰዓት መቁላላት አለበት። የተቀጠቀጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በመካከል ይገባል። ቀዩ ቅቤ ከቁሌቱ ተለይቶ ዳር ዳሩን ሲወጣና የጥሬ ዱቄት ሽታ ሲጠፋ በርበሬው በስሏል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረግለት በርበሬ የአገራችን ጥንታዊ ተክል አለመሆኑ ብዙ ሰው ያስገርማል። የሚያቃጥለው ቃሪያና በርበሬ ዘሩ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በእስያም በአውሮፓም በአፍሪካም አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ በዋናነት በፖርቱጋል መርከበኞች አማካይነት ወደ አፍሪካና ወደ ሕንድ ዳርቻዎች ተሰራጨ። እንግዲህ ቀይ ወጥ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አይቀድምም። ከዚያ በፊት ለምግብ ማጣፈጫነት የነበሩት ሌሎች ናቸው፤ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች የሚበቅለው ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ በንግድ የሚመጣው ቁንዶ በርበሬና ዝንጅብል ይጠቀሳሉ። እነዚህ ቀደምት ቅመሞች ግን አልተባረሩም፤ ዛሬም ከበርበሬው ጋር ይፈጫሉ፣ መከለሻ ሆነውም ወጡን ይዘጋሉ።

ስለ ቅቤው ጥቂት ብቻ ልበል። ቅቤ ሲነጠር ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽና እርድ የሚገቡት ለመዓዛ ሲሆን እሳቱ ዝቅተኛ መሆን አለበት፤ ድስቱ ከግማሽ በላይ ከሞላ አረፋው ገንፍሎ ምድጃው ላይ ይፈስሳል፣ በጋዝ ምድጃ ላይ ደግሞ እሳት ያስነሣል። ከሥር የሚዘቅጠው አተላ ሳያር በቀጭን ወንፊት ማጥለል ይገባል። በእስራኤል ሥጋን ከወተት ተዋጽኦ ጋር አለመቀላቀል በሚለው የአይሁድ ሕግ የሚመሩ የኢትዮጵያ ተወላጆች ዶሮ ወጥን በዘይት ይሠራሉ፤ በዚህ ጊዜ የቅቤውን መዓዛ ለመተካት ኮረሪማውና ሌሎቹ ቅመሞች በዘይቱ ውስጥ በዝግታ ቢሞቁ ጥሩ ውጤት ይሰጣል።

ወደ ዶሮው ስንመጣ፣ ቆዳው ተገፎ በየመገጣጠሚያው ብልት ይወጣለታል። አጥንትን በመጥረቢያ መስበር እንደ ሙያ ማነስ የሚቆጠረው በከንቱ አይደለም፤ የተሰነጠቀ አጥንት ስባሪው ወጡ ውስጥ ይገባል። በልማዱ ብልቱ 12 ሲሆን ሁለት ታፋ፣ ሁለት ቅልጥምና ሁለት ክንፍ ከወጡ በኋላ ቀሪው ከደረት፣ ከጀርባና ከአንገት ይሟላል። ቁጥሩን በ12ቱ ሐዋርያት የሚተረጉሙ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን የድልድሉ ነገር ይበልጥ ያሳምነኛል፤ አንዲት ዶሮ ለሰፊ ቤተሰብና ለእንግዳ ስትቀርብ ለአባወራው ፈረሰኛው፣ ለሌላውም እንደ ማዕረጉ የታወቀ ብልት ሊደርሰው ስለሚገባ አቆራረጡ የተወሰነ መሆን ነበረበት። አዲስ ሙሽራ በብልት አወጣጧ ትፈተን የነበረውም ስለዚሁ ነው።

ብልቱ በሎሚና በጨው ታሽቶ ውኃው እስኪጠራ መታጠቡ የጸና ልማድ ነው። በሌላ በኩል የብሪታኒያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥሬ ዶሮ እንዳይታጠብ ሕዝቡን የመከረበት ምክንያት አለው፤ ከቧንቧ የሚወርደው ውኃ ካምፒሎባክተር የተባለውን ባክቴሪያ በዙሪያው ባለው ዕቃ ላይ ይረጨዋል። ልማዱን መተው ለማይሆንለት ሰው መካከለኛው መንገድ በሰፊ ሳፋ ውስጥ በተቀዳ ውኃ ቀስ ብሎ ማጠብ፣ ሰላጣና እንጀራን ከአካባቢው ማራቅ፣ በኋላም ሳፋውን፣ ገንዳውንና እጅን በሙቅ ውኃና በሳሙና ማጽዳት ነው። ሎሚውን ግን አጥቦ ማስወገድና ሥጋውን ማጠንፈፍ ያስፈልጋል፤ ውኃ ያዘለ ብልት ለሰዓታት የተደከመበትን ቁሌት በአንድ ጊዜ ያቀጥነዋል።

የማብሰያው ጊዜ እንደ ዶሮው ይለያያል። የአበሻ ዶሮ፣ በተለይ ያረጀች እንደሆነች፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ልትፈልግ ትችላለች፤ የፈረንጅ ዶሮ ግን ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ከቆየ ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ ይበታተናል። የቦታው ከፍታም ሊታሰብ ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል ውኃ በዚያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ከእናቱ የተማረውን ሰዓት ይዞ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ዱባይ የሄደ ሰው በባሕር ወለል አጠገብ ሲያበስል ዶሮው የሚፈርስበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብልቱ ከገባ በኋላ ቀሪው ቅቤ ይጨመራል፤ ማማሰያም በብዛት አይገባበትም፣ ድስቱን በሁለት እጅ ይዞ መነቅነቅ ይሻላል።

እንቁላሉ ላይም የከፍታው ነገር ይሠራል፤ በባሕር ወለል አጠገብ 10 ደቂቃ የሚበቃው እንቁላል በአዲስ አበባ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨመርለታል። ከመጠን በላይ የተቀቀለ እንቁላል አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ያወጣል፤ ጉዳት የለውም፣ ለዓይን ግን አያምርም። እንደ ወጣ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መክተት ያንንም ይከላከላል፣ ለመላጥም ያመቻል። ትኩስ የተጣለ እንቁላል ቅርፊቱ ስለማይለቅ ሳምንት የቆየ ይመረጣል። ተልጦ በቢላ ጫፍ በትንሹ ጫር ጫር ከተደረገ በኋላ መጨረሻ ላይ ይገባል።

የጨው ነገር በዚህ ወጥ የተለየ ችግር አለበት። የፋሲካው ዶሮ ወጥ የሚሠራው የ55 ቀኑ ሁዳዴ ሳይፈታ ቅዳሜ ዕለት በመሆኑ ጿሚዋ ባለሙያ ልትቀምሰው አትችልም፤ ወይ በመዓዛው ትለካለች ወይ የማይጾም ልጅ ጠርታ ታስቀምሳለች። ልጅ በሌለበት ቤት የሚያዋጣው መለካት ነው፤ ከላይ ለተጠቀሰው መጠን አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ ጨው ግማሹን ከዶሮው ጋር፣ ግማሹን ወጡ ሲያልቅ መጨመር ይቻላል። የገበያ በርበሬ ብዙ ጊዜ ሲዘጋጅ ጨው ስለሚደባለቅበት በርበሬውን ከጾሙ በፊት ወይም በሌላ ሰው ምላስ ማረጋገጥ ተገቢ ነው። ጨው ከበዛ ድንች መጨመር ይመከራል፤ ድንች ግን ጨውን ከነመረቁ እንጂ ለይቶ አይመጥም። የሚረዳው ጨው ያልገባበት ሽንኩርት ለብቻው አቁላልቶ መጨመር፣ እንቁላሉን ማብዛትና ወጡን ከአይብ ጋር ማቅረብ ነው። ወጡ ከቀጠነ ደግሞ ብልቱን አውጥቶ መረቁን ያለ ክዳን ማንተክተክ እንጂ ሽሮ ወይም ዱቄት መበተን አይገባም።

መከለሻው እሳቱ ሊጠፋ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይነሰነሳል፤ መዓዛው በእንፋሎት የሚጠፋ ስለሆነ ቀድሞ የገባ መከለሻ አልገባም ማለት ይቻላል። ዶሮ ወጥ አድሮ እንደሚጣፍጥ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ትልቁ የበዓል ድስት ለሊቱን ሙሉ ምድጃ ላይ ለብ እንዳለ መቆየት የለበትም፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። በማግስቱም የሚበላው ያህል ብቻ ወጥቶ፣ ሙቅ ውኃ ጠብ ተደርጎበት፣ መሐሉ እስኪንተከተክ ድረስ ይሞቃል። በዚህ አያያዝ ሦስት ወይም አራት ቀን ይቆያል።