ሒሳብ ቤት ለቤት ማስጠናት፦ እርሳሱ በማን እጅ ይሁን?

አስጠኚ የሚፈልጉ ወላጆች ብዙውን ጊዜ «ልጄ 10ኛ ክፍል ናት፤ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን (ያልታወቀው ቁጥር በካሬ የሚመጣበት እኩልታ) አልገባትም» ይላሉ። እናንተ አስጠኚዎች ልጅቷ ስትሠራ አጠገቧ ሆናችሁ ብታዩ ግን የሚያደናቅፋት ኳድራቲኩ ላይሆን ይችላል። 6ኛና 7ኛ ክፍል ላይ ሳይጠራ የታለፈ ክፍልፋይ፣ ኔጌቲቭ ቁጥር ወይም ቅንፍ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ለማስተማር አትጠቀሙበት፤ ጉድለቱ የት እንደሚጀምር ለማወቅ ተጠቀሙበት።

በአንድ ወረቀት ላይ ከቀላል ወደ ከባድ የሚሄዱ አሥር ጥያቄዎች አዘጋጁና 30 ደቂቃ ስጧት። ካልኩሌተርም ስልክም ጠረጴዛው ላይ አይኑር። እነዚህ አይቅሩ (ያልታወቀውን ቁጥር ሀ ብለነዋል)፦

−7 + 3
1/2 + 1/3
3/4 ÷ 2
(−3)² እና −3²
የ350 ሃያ በመቶ
2ሀ + 5 = 17
5 − (ሀ − 3) = 10
(ሀ + 4)² ሲዘረዘር

ስትጨርስ የተሳሳተችውን ብቻ ሳይሆን ያገኘችውንም «እንዴት አገኘሽው?» ብላችሁ ጠይቁ። 16/64 ላይ ሁለቱን 6 ሰርዞ 1/4 የሚል ተማሪ መልሱ ትክክል ነው፤ በዚያው መንገድ 13/34ን ሲያቃልል ግን ደግሞ 1/4 ይልና ይሳሳታል። ኤክስ ያደረጋችሁበት ጥያቄ ሳይሆን ራይት ያደረጋችሁበት የሚያታልላችሁ እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

አንዱን ስህተት ቀረብ ብለን እንየው። 5 − (ሀ − 3) = 10 ሲሰጥ በርካታ ተማሪ 5 − ሀ − 3 = 10 ብሎ ይጽፍና ሀ = −8 ይላል። «ምልክቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ይቀየራል» ብላችሁ ደንቡን ብትነግሯት ዛሬ ታስተካክላለች፣ ሐሙስ ትረሳዋለች። መጀመሪያ −8ን በሀ ቦታ ታስገባው፤ 5 − (−11) = 16 ይሆንና 10 እንዳልመጣ ራሷ ታያለች። ከዚያ በቁጥር ብቻ 10 − (6 − 2) ስጧት። ቅንፉን አስቀድማ ብትሠራ 6 ይመጣል፣ በራሷ መንገድ 10 − 6 − 2 ብትል ደግሞ 2። ከ10 ብር ላይ 6 ወስጄ 2 ብመልስልሽ ስንት ቀረሽ በሏት። የተመለሰው 2 ለምን እንደሚደመር ከገባት ወደ ሀ ተመልሳ −2ን ታገኛለች። አሥር ደቂቃ ይፈጃል፤ ግን ይህ ካልተስተካከለ ከቅንፍ ጋር የሚመጣው አልጀብራ ሁሉ መሰናከሉ አይቀርም።

አቀማመጥም ለውጥ አለው። ፊት ለፊት ከተቀመጣችሁ ጽሑፏን ገልብጣችሁ ነው የምታነቡት። በቀኝ እጇ የምትጽፍ ከሆነ በግራዋ ተቀመጡ። ለማስረዳት የራሳችሁን ወረቀት ያዙ፤ በእሷ ደብተር ላይ አትጻፉ፣ እርሳሷንም አትቀበሏት። አስጠኚው ሲሠራ እያየች «ገባኝ» ማለቷ ለብቻዋ ትሠራዋለች ማለት አይደለም።

በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ከበቂ በላይ ነው። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያለፈውን ያለ ደብተር ትሥራ። ከዚያ አንድ አዲስ ነገር ብቻ አስረዱ፤ ከ25 ደቂቃ አይብለጥ። ትልቁ ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ፣ እሷ ብቻዋን የምትሠራበት ነው። የትምህርት ቤት የቤት ሥራ ካለ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ቀድሞ ከመጣ ሰዓቱን በሙሉ ይበላዋል፣ እናንተም ሳታስቡት የቤት ሥራ ሠሪ ሆናችሁ ትቀራላችሁ።

ጥያቄ ላይ ተቸግራ ስትቆም ዝም ብላችሁ በልባችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ካልቀጠለች ጥያቄውን ጮክ ብላ ታንብብ። ቀጥሎ የተሰጠውንና የሚፈለገውን ለይታ ትጻፍ። አሁንም ካልሆነ ተመሳሳይና ቀለል ያለ ጥያቄ በራሳችሁ ወረቀት ሥሩላት። የእሷን ጥያቄ አንድ መስመር መጻፍ የመጨረሻው አማራጭ ነው።

ለስህተት ለብቻው ቀጭን ደብተር ይኑራት፦ ጥያቄው፣ የተሳሳተው መስመር፣ ምክንያቱ በራሷ ቃል። «ተሳስቼ» ወይም «ቸኩዬ» ምክንያት አይደለም፤ «ኔጌቲቩን ለሁለተኛው ቁጥር አላባዛሁም» ነው ምክንያት። ያንኑ ጥያቄ ቁጥሩን ቀይራችሁ ከሁለት ቀን፣ ከሳምንትና ከሦስት ሳምንት በኋላ መልሳችሁ ስጧት።

ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ወርድ ፕሮብሌም (በዓረፍተ ነገር የሚቀርብ የሒሳብ ጥያቄ) ላይ የሚያስቸግረው ሒሳቡ ይሁን ቋንቋው ለዩ። ጥያቄውን በአማርኛ ንገሯት፤ ከሠራችው ችግሩ ቋንቋው ነው። «ፋይቭ ሌስ ዛን ኤ ነምበር» (ከአንድ ቁጥር በ5 የሚያንስ) ሲባል በቃላቱ ተራ 5 − ሀ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ትክክሉ ሀ − 5 ነው። «አት ሊስት» ለብዙዎች «ያንሳል» ይመስላቸዋል፤ እኩል ወይም በላይ ማለት ነው። እንዲህ ያሉትን ከስህተት ደብተሩ ጀርባ አንድ ገጽ ላይ ታከማች።

የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወይም የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ የድሮ ፈተና ወረቀት ማሠራት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተቀየረ ምዕራፉ አሁን ባለው መጽሐፍ ውስጥ መኖሩን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። 12ኛ ክፍል ላይ የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ሒሳብ ፈተና የተለያየ ስለሆነ ወረቀቱ አይምታታባችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምርጫዎቹን ሸፍናችሁ አሠሯት፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ፊቷ ካለ እየሞከረች ትገምታለች እንጂ አትሠራም። በሰዓት መሥራት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ከወላጆች ጋር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክፍያውንና ሲቀር እንዴት እንደሚካካስ ከመጀመር በፊት ተነጋገሩ። ቦታው ቴሌቪዥን የተዘጋበት ሳሎን ወይም በሩ ክፍት የሆነ ክፍል ይሁን። «ስንተኛ ትወጣለች?» ለሚል ጥያቄ ቃል አትግቡ። ይልቅ ወር ሲሞላ የመጀመሪያውን ቀን አሥር ጥያቄዎች ቁጥራቸውን ቀይራችሁ እንደገና ስጧትና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አሳዩዋቸው።