የመጀመሪያዋን የሪሞት መኪና በትንሽ በጀት እንዴት መምረጥ ይቻላል?

የሪሞት መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍጥነቷን ነው። ቀጥሎ መልኳን። በጀቱ ጠበብ ካለ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ መለዋወጫ አላት ወይ? እነዚህ መኪኖች ይጋጫሉ፣ ይገለበጣሉ፣ አንድ ቀን የሆነ ቦታ መሰበራቸው አይቀርም። አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው ቶዮታ የሚመርጠው ሶማሌ ተራ ወርዶ ዕቃዋን እንደማያጣ ስለሚያውቅ ነው። ትንሿንም በዚያው ዓይን ምረጧት።

1. የሚጠገነውን ከማይጠገነው ለዩ

ስጦታ ቤቶች ውስጥ የምናያቸው አብዛኞቹ የልጆች መጫወቻ ናቸው። አንድ ጥርስ ሲበላ መኪናዋ በሙሉ ትጣላለች፤ ጥርሱን ለብቻው የሚሸጥ የለማ። ሌላኛው ዓይነት ተፈታትቶ እንዲጠገን የተሰራው ነው። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ቁጥር አለው፣ ለብቻውም ይሸጣል።

ሱቅ ውስጥ ከሆናችሁ የሪሞቱን መሪ በጣም በትንሹ አዙሩት። የፊት ጎማዎቹም በትንሹ ከዞሩ ጥሩ ምልክት ነው። በአንዴ ጥግ ድረስ ከሄዱ አብዛኛውን ጊዜ መጫወቻ ናት። ኢንተርኔት ላይ ከሆነ ደግሞ የሞዴሏን ስም ጽፋችሁ መለዋወጫ ፈልጉ። የፊት ክንድ፣ ማለትም የፊት ጎማውን ከሻሲው ጋር የሚያያይዘው፣ ጥርስ፣ እና ሰርቮ፣ ማለትም ጎማውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው ትንሽ ሞተር፣ ለየብቻ ሲሸጡ ካላያችሁ እለፏት። ምንም ያህል ብታምር።

2. የምትነዱበትን መሬት እዩ

ዝቅ ያሉ የአስፋልትና የድሪፍት መኪኖች ለስላሳ መሬት ይፈልጋሉ። ኮብልስቶን ላይ ሆዳቸው ይመታል። ለሰፈር መንገድና ለአቧራማ ሜዳ ከፍ ያለች፣ ሞላዋ የሚሰራ በጊ የምትባለው የሜዳ መኪና ወይም ትራክ ትሻላለች። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ድንጋይ ለድንጋይ ቀስ ብላ የምትወጣውን ክራውለር አስቡ። ስለማትሮጥ ብዙም አትሰበርም። ለትንሽ ልጅም የመጀመሪያ ምርጫዬ እሷ ናት።

3. መጠንና ሞተር

1፡10 ማለት ከእውነተኛዋ መኪና በ10 እጥፍ ያነሰች ማለት ነው። በትንሽ በጀት ከ1፡14 እስከ 1፡18 ያሉት ይመቻሉ፤ ባትሪያቸውም ዕቃቸውም ረከስ ይላል። ደብሊውኤል ቶይስ 144001 የምትባለው 1፡14 በጊ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ባለአራት ጎማ ጉልበት ናት፣ ሻሲዋ ብረት ነው፣ መለዋወጫዋም በቀላሉ ይገኛል። አሜሪካ ላላችሁና በጀታችሁ ከፍ ለሚል 1፡10 የሆነችው ትራክሳስ ስላሽ አለች።

ለጀማሪ ብራሽ ያለው ሞተር፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን በካርቦን ብሩሽ የሚያገኘው፣ ይበቃል። ብሩሽ የሌለው ብራሽለሱ ይፈጥናል፣ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ግን ዋጋውም የግጭቱ ጉዳትም ከፍ ይላል። የነዳጇን ተዉት። ነዳጁ ለብቻው የተቀመመ ነው፣ በሻንጣ በአውሮፕላን አይገባም። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ የነዳጅ ሞተር ጉልበቱ ይቀንሳል።

4. ባትሪና ቻርጀር

ገንዘብም አደጋም ያለው እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ሁለት ዓይነት ባትሪ ታገኛላችሁ። ኒኬል የሚባለው 7.2 ቮልት ከባድ ነው፣ ግን ብዙ ስህተት ይችላል። ሊፖ የሚባለው 7.4 ቮልት ቀላልና ጉልበተኛ ነው፣ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሊፖ ውስጥ ሁለት ሴሎች አሉ። እያንዳንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ይደርሳል። ከ3 በታች ከወረደ ይበላሻል። ለሳምንታት የማትነዱ ከሆነ 3.8 አካባቢ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ያበጠ ባትሪ በፍጹም ቻርጅ አይደረግም። ጤነኛውንም ቢሆን ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ላይ አድርጉ፣ ትታችሁትም አትተኙ። ሊፖ እሳት ሲይዝ በቀላሉ አይጠፋም።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት መጻፉን እንዲያይላችሁ ንገሩት። 120 ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኖ መያዝ ነው።

5. ገንዘቡን ሁሉ መኪናዋ ላይ አታውሉ

ካላችሁ ላይ ሩቡን ያህል አስቀሩ። በዚያ ሁለተኛ ባትሪ፣ ሁለት ጥንድ የፊት ክንድ፣ ዋናውን ጥርስና የብሩጎላ ቁልፎች ከመኪናዋ ጋር አብራችሁ እዘዙ። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ሲመታ መጀመሪያ የሚሄደው የፊት ክንዱ ነው። እሱን ለብቻው ማስመጣት ደግሞ ወር ሊያስጠብቃችሁ ይችላል።

ያገለገለ ከገዛችሁ ጎማዎቹን በእጅ አሽከርክሩ። የሚያንገጫግጭ ድምፅ ካለ ጥርሱ ተበልቷል። ጎማው ወደ ጎን ከተወዛወዘ ኩሽኔታው አልቋል። ሁለቱም ርካሽ ጥገና ናቸው፣ ዋጋ አስቀንሱበት። ባትሪው ካበጠ ግን እንደሌለ ቆጥራችሁ ተደራደሩ።