ከምን ጋር ሲነጻጸር? የአየር ንብረት ዳታን ባለሙያ ሳይሆኑ እንዴት ማንበብና መጠቀም ይቻላል

እ.ኤ.አ. 2024 የዓለም ሙቀት መመዝገብ ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት ዓመታት ሁሉ ሞቃቱ ነበር። በስንት ዲግሪ ከፍ አለ? የአውሮፓው የአየር ንብረት ክትትል አገልግሎት ኮፐርኒከስ 0.72 ዲግሪ ሴልሺየስ ይላል። ያው ኮፐርኒከስ ደግሞ 1.60 ይላል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ 1.28 ብሏል።

ማንም አልዋሸም። 0.72 የተገኘው ዓመቱ ከ1991–2020 አማካይ ጋር ሲነጻጸር ነው። 1.60 የመጣው ከ1850–1900 ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ይህ ኢንዱስትሪ ሳይስፋፋ ለነበረው ሙቀት መለኪያ ተደርጎ ይወሰዳል። የናሳ መነሻ 1951–1980 ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ተጋብቶ ዳታውን እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ያሳዝነኛል። አብዛኛው ዳታ በነፃ የተለቀቀ፣ የሁላችን ነው። ለማንበብም ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። ቁጥር ባያችሁ ቁጥር «ከምን ጋር ሲነጻጸር?» ብሎ መጠየቅ ትልቁ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ጻፉ

ዝም ብላችሁ ዳታ ፍለጋ ከገባችሁ ትጠፋላችሁ። ጥያቄያችሁ ምን፣ የት፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚለውን ይያዝ። «በምኖርበት ቦታ የሌሊቱ ሙቀት ባለፉት 30 ዓመታት ጨምሯል ወይ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። «አየሩ ተለውጧል?» ግን ለመመለስ አይመችም።

30 ዓመት ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት «መደበኛ» የሚለውን የሚያሰላው በ30 ዓመት አማካይ ነው። አሁን በሥራ ላይ ያለው 1991–2020 ነው። አንድ ሞቃት ሳምንት ወይም አንድ ደረቅ ዓመት የአየር ሁኔታ እንጂ የአየር ንብረት አይደለም።

ዳታው ከየት እንደመጣ እወቁ

ሦስት ዋና ምንጮች አሉ። የመሬት ላይ ጣቢያ በቀጥታ ይለካል። ግን ጣቢያው ሊዛወር፣ መሣሪያው ሊቀየር፣ አጠገቡ ሕንፃ ሊሠራ ይችላል። ያን ጊዜ ግራፉ ላይ ድንገተኛ ዝላይ ይታያል፤ የአየሩ ለውጥ ሊመስላችሁ ይችላል። ሳተላይት ሰፊ ቦታ ይሸፍናል። ነገር ግን ዝናቡን እንደ ጣቢያ መለኪያ በዕቃ አይሰበስብም፤ ደመናውን አይቶ ይገምታል። ቺርፕስ የሚባለው የዝናብ ዳታ ለዚህ ነው የሳተላይቱን ግምት ከጣቢያ ልኬት ጋር የሚያዋህደው። ከ1981 ጀምሮ አለ፤ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ላለው ካሬ አንድ ቁጥር ይሰጣል።

ሦስተኛው ልኬቶችን ሁሉ ሰብስቦ በኮምፒውተር ሞዴል ክፍተቱን የሚሞላ ዳታ ነው። ታዋቂው የኮፐርኒከሱ ኢራ 5 ነው፤ ከ1940 ጀምሮ በየሰዓቱ፣ በ31 ኪሎ ሜትር ገደማ ካሬ ተዘጋጅቷል።

የካሬው ስፋት ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ ካሬ ውስጥ ተራራም ሸለቆም ሊኖር ይችላል። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ የካሬው ቁጥር የእናንተን ግቢ ሙቀት በትክክል ላይነግራችሁ ይችላል። ከዓመት ወደ ዓመት ያለውን ለውጥ ግን ከሞላ ጎደል ያሳያል።

አውርዱና አጽዱ

ለጀማሪ የምመክረው ናሳ ፓወር የተባለውን የናሳ የአየር ዳታ ድረ ገጽ ነው። ነፃ ነው። ካርታው ላይ ቦታችሁን ትነካላችሁ፣ ወርሃዊ ወይም ዕለታዊ ትላላችሁ፣ ዓመታቱን ትሞላላችሁ፣ ሙቀት ወይም ዝናብ ትመርጣላችሁ። ፋይሉን በሲኤስቪ (ተራ የሠንጠረዥ ፋይል) ካወረዳችሁት ኤክሴል ወይም ጉግል ሺትስ ይከፍተዋል።

ከከፈታችሁት በኋላ አትቸኩሉ። ዳታ በጠፋበት ቦታ -999 የሚል ቁጥር ይገባል። ሌሎች ምንጮች -9999 ይጠቀማሉ። እኔ መጀመሪያ የሠራሁት አማካይ በዚህ ምክንያት ተበላሽቷል፤ ያወቅኩትም ዘግይቼ ነው። በወርሃዊ ዳታ ስህተቱ ቶሎ ይታያል፤ 20 ዲግሪ የነበረው የዓመት አማካይ በአንድ -999 ብቻ ከዜሮ በታች 65 ገደማ ይወርዳል። አደገኛው ዕለታዊው ነው። 30 ዓመት ወደ 10,957 ቀን ነው። ከዚያ ውስጥ አንድ ቀን -999 ቢሆን አማካዩ በ0.09 ዲግሪ ብቻ ይቀንሳል። አሥር ቀን ከሆነ ወደ አንድ ዲግሪ ይጠጋል፤ ይህ ደግሞ እውነተኛ የአየር ንብረት ለውጥ የሚያህል ቁጥር ነው! እነዚህን ሴሎች ፈልጋችሁ ባዶ አድርጓቸው። ዜሮ አታድርጓቸው።

መለኪያውንም እዩ። ኢራ 5 ሙቀትን በኬልቪን ይሰጣል፤ 273.15 ስትቀንሱ ሴልሺየስ ይሆናል። ዝናቡ ደግሞ በሜትር ነው እንጂ በሚሊሜትር አይደለም። ናሳ ፓወር ላይ የወሩ ዝናብ «ሚሊሜትር በቀን» ተብሎ ከመጣ በወሩ ቀናት አባዙት።

አሁን አነጻጽሩ

የ1991–2020ን አማካይ አውጡ። ከእያንዳንዱ ዓመት ሙቀት ላይ ይህን አማካይ ቀንሱ። የሚቀረው «ከአማካይ ልዩነት» ይባላል። በግራፍ አስቀምጡት፤ ከዜሮ በላይ ያለው ከመደበኛው የሞቀ ዓመት ነው። የአዝማሚያ መስመር ጨምሩበት።

ዝናብ ላይ ልዩነቱን በመቶኛ አስሉት። 20 ሚሊሜትር መጉደሉ በተለምዶ 60 ለሚዘንብበት ወር ሲሶ ነው። 300 ለሚዘንብበት ግን ብዙም አይባልም። ድምሩም ብቻውን አያስተማምንም። በ20 ቀን ተከፋፍሎ የወረደ 100 ሚሊሜትር መሬት ያርሳል፤ ያው 100 በአንድ ቀን ከወረደ ጎርፍ ሊያስነሳ ይችላል። ለዚህ ዕለታዊውን ዳታ ማየት የግድ ነው።

መነሻ ዓመት ስትመርጡ ለራሳችሁ ታማኝ ሁኑ። 1998 በኃይለኛ ኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ አልፎ አልፎ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ክስተት) የተነሳ በጣም ሞቃት ነበር። የዓለም ሙቀት ከ1998 እስከ 2012 በየአሥር ዓመቱ 0.05 ዲግሪ ብቻ የጨመረ ይመስላል። ከ1951 ተነስተን እስከ 2012 ካየን ግን በየአሥር ዓመቱ 0.12 ነው። ዳታው አንድ ነው፤ የተለያየው መነሻው ነው። «ሙቀት ቆሟል» የሚል ክርክር ለዓመታት የተካሄደው በዚህች አጭር ቁራጭ ላይ ተመሥርቶ ነበር። የእናንተም መስመር መነሻውን ሁለት ሦስት ዓመት ወዲያና ወዲህ ስታደርጉት ከተገለበጠ ገና አትመኑት።

ስለ መጪው ጊዜ

የወቅት ትንበያ የሚነገረው በዕድል ነው። «ዝናቡ ከመደበኛ በላይ 45፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በታች 20 በመቶ» ቢባል መነሻው ሦስቱም እኩል 33 መሆናቸው ነው። 45 ወደዚያ ያጋደለ ማለት እንጂ የተረጋገጠ ማለት አይደለም። 20 በመቶም ከአምስት አንድ ነው፤ ድርቅ ለሚያሰጋው ሰው ቀላል አይደለም።

የ2050 ወይም የ2100 ቁጥሮች ደግሞ «ሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቱ እንዲህ ከሆነ» በሚል ቅድመ ሁኔታ የተሰሉ ናቸው። የአንድ ሞዴል ውጤት አትያዙ፤ የብዙዎቹን ዝቅተኛና ከፍተኛ እዩ። የዓለም ባንክ የአየር ንብረት ዕውቀት ገጽ ይህን በየአገሩ በነፃ ያቀርባል። እዚያ ያለው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው ከ1995–2014 ተነስቶ ነው። ግራፋችሁን የሠራችሁት ከ1991–2020 ተነስታችሁ ከሆነ ሁለቱን ቁጥሮች እንዲሁ አትደምሯቸው፤ መጀመሪያ የራሳችሁን አማካይ በ1995–2014 እንደገና አስሉት።