አንጎሉ ለተጎዳ ሰው ሙዚቃን በቤት ውስጥ እንዴት እንጠቀምበት

በመኪና አደጋ፣ ከከፍታ በመውደቅ ወይም በስትሮክ አንጎሉ የተጎዳ ሰው ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ሲገባ፣ ቤተሰቡ የመድኃኒቱን ሰዓትና የቀጠሮውን ቀን ይዞ ይቀመጣል፤ በመካከል ያሉትን ረጅም ሰዓታት ግን በምን እንደሚሞላቸው ይቸግረዋል። ይህ መመሪያ ለእነዚያ ሰዓታት የተጻፈ ነው። የሙዚቃ ሕክምና ራሱን የቻለ ሥልጠና ያለው ሙያ ስለሆነ ቤተሰብ ባለሙያን አይተካም። ሆኖም ከዘዴዎቹ አንዳንዶቹ ቀላል በመሆናቸው፣ የሚከታተለውን ሐኪም አስፈቅዶ አንድ ታጋሽ ሰው በቤት ውስጥ ሊሠራባቸው ይችላል።

በማዳመጥ ይጀምሩ። በፊንላንድ፣ ሄልሲንኪ ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት 60 የስትሮክ ታማሚዎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ፣ አንደኛው ቡድን ራሱ የመረጠውን ሙዚቃ፣ ሁለተኛው በድምፅ የተቀረጹ መጻሕፍትን ለሁለት ወር በየቀኑ ቢያንስ አንድ ሰዓት እንዲያዳምጡ አድርጓል፤ ሦስተኛው ምንም እንዲያዳምጥ አልተሰጠውም። የቃል ትውስታና ትኩረት ይበልጥ የተሻሻለው ሙዚቃ ባዳመጡት ላይ ሲሆን፣ የድብርት ስሜታቸውም ቀንሶ ተገኝቷል። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው ሙዚቃውን የመረጠው ታማሚው መሆኑ ነው። ስለዚህ እርስዎ የሚወዱትን ወይም «ያረጋጋል» የተባለውን አይክፈቱ፤ መናገር ካልቻለ ሁለት ሁለት ዘፈን አሰምተው በእጁ ወይም በዓይኑ ያስመርጡት፤ በወጣትነቱ ምን ያንጎራጉር እንደነበር አብሮ አደጎቹን ይጠይቁ። ለአንዱ መዝሙር፣ ለሌላው መንዙማ፣ ለሦስተኛው የሠርግ ዘፈን ሊሆን ይችላል። ትዝታ የሚቀሰቅስ ዘፈን ሲሰማ ቢያለቅስ ወዲያው አይደንግጡ፤ ከአንጎል ጉዳት በኋላ እንባ ያለ ብዙ ምክንያት የሚመጣበት ጊዜ አለ። ፊቱ ከተጨነቀ ወይም ትንፋሹ ከፈጠነ ግን ያቁሙት።

ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ ሰው እየተጫወተ፣ በዚያ ላይ ዘፈን መጨመር የተጎዳን አንጎል ያደክማል፤ ጭንቅላታቸው ከተመታ ሰዎች ብዙዎቹ ድምፅ ይረብሻቸዋል። ሌላውን ድምፅ ሁሉ ያጥፉ፣ ሙዚቃውን ዝቅ ያድርጉ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበቃል። ገና ራሱን ያላወቀ ሰው አጠገብ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ ከፍቶ መተው አይጠቅምም፤ ለአጭር ጊዜ የቅርብ ሰው ድምፅ ማሰማትና ከዚያ ጸጥ ማለት ይሻላል። የሚጥል ሕመም ካለበት ግን አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ጥቂት ሰዎች ላይ ሙዚቃ ራሱ ሕመሙን ይቀሰቅሳል።

አሁን ወደ ንግግር እንምጣ፤ በእኔ እምነት ቤተሰብ ይበልጥ ሊደክምበት የሚገባው ይህ ነው። በአብዛኛው ሰው ንግግርን የሚመራው የአንጎል ግራ ክፍል ሲሆን፣ ዜማ ግን በቀኙም በኩል ይሠራል። ግራው የተጎዳ ሰው አንዲት ቃል መናገር አቅቶት መዝሙር ሊዘምር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ አባል የነበሩት ጋብሪዬል ጊፈርድስ ጥር 2011 እ.ኤ.አ. በአሪዞና ጭንቅላታቸውን በጥይት ተመትተው ንግግር ባጡ ጊዜ፣ በሂውስተን ከተደረገላቸው ሕክምና አንዱ መዘመር ነበር። በዜማ ንግግርን የማስመለስ ዘዴው ራሱ በቦስተን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1973 ቀርቧል። የሚጠቅመውም የሚባለውን ለሚረዳ ነገር ግን ቃል ለማውጣት ለሚታገል ሰው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከፊት ለፊቱ ይቀመጡ፤ አፍዎን እንዲያይ ብርሃኑ በእርስዎ ፊት ላይ ይሁን። በየቀኑ የሚያስፈልገውን አጭር ሐረግ ይምረጡ፤ ለምሳሌ «ውሃ ስጡኝ»። የግራ እጁን ይዘው በጠረጴዛው ላይ አራት ጊዜ ቀስ ብለው ያስመቱት፦ ው፣ ሃ፣ ስ፣ ጡኝ። ግራ እጅ የሚመረጠው ቀኙ ብዙ ጊዜ ስለሚዝል፣ ደግሞም ግራ እጅን የሚያንቀሳቅሰው ያልተጎዳው የአንጎል ቀኝ ክፍል ስለሆነ ነው። ዜማው ሁለት ድምፅ ብቻ ይኑረው፤ «ሃ» እና «ጡኝ» ከፍ፣ ሌሎቹ ዝቅ ይበሉ። በመጀመሪያ ያለ ቃል በአፍንጫዎ ያንጎራጉሩት፤ ቀጥሎ እርስዎ ብቻዎን ቃሉን ያዚሙ፤ ከዚያ አብራችሁ። አብሮ ማለት ሲቀልለው በመካከል ድምፅዎን እያሳነሱ ይተዉለት። ብቻውን ሲጨርስ «አባባ፣ ምን ልስጥህ?» ብለው ይጠይቁትና መልሱን እያዜመ እንዲመልስ ይጠብቁ፤ ሲመልስም ውሃውን በእጁ ይስጡት። ከሳምንታት በኋላ ዜማው እየተነሣ ወደ ተራ ንግግር ይጠጋል። ቢሳሳት አያርሙት፤ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሰው አብረውት ይበሉ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የሚያውቀውን መዝሙር ከዳር እስከ ዳር ሲዘምር ቤተሰቡ «አፉ ተፈታ» ብሎ ይደሰታል፤ ደስታውም ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በቃል የተያዘ መዝሙር በልማድ ይወጣል፣ ንግግር ተመለሰ ማለት አይደለም። ያንኑ ኃይል እንደ «ውሃ ስጡኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «እዚህ ጋ ያመኛል» ወዳሉት ሐረጎች ማዞር ሥራ ይጠይቃል።

እግሩ ለሚጎተትበት ሰው ደግሞ ምት ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመና 775 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 29 ጥናቶች የመረመረ ግምገማ፣ ከምት ጋር መራመድ ከስትሮክ በኋላ የአረማመድ ፍጥነትን ሊያሻሽል እንደሚችል አሳይቷል። ፊዚዮቴራፒስቱ መራመድ ከፈቀደ በኋላ፣ በደከመው ጎን አንድ ሰው ደግፎት እየተራመደ በአንድ ደቂቃ ስንት እርምጃ እንደሚሄድ ይቁጠሩ። 60 ከሆነ በስልክዎ ላይ ምት የሚቆጥር ሜትሮኖም 60 ላይ አድርገው በእያንዳንዱ ምት እግሩን እንዲያሳርፍ ያድርጉ፤ አካሄዱ ሲረጋ ወደ 63 ከፍ ያድርጉ። ጭብጨባም ያው ነው፣ ምቱ ካልተዛባ። ፈጣን የችክችካ ዘፈን ግን ለዚህ አይሆንም፤ እግሩ ሊከተለው ሲሞክር ይደነቃቀፋል።

ደብተር ይያዙ። ቀኑን፣ ምን እንደተሰማ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ፣ የትኛው ሐረግ ከእርስዎ ጋር የትኛው ብቻውን እንደወጣ፣ መቼ እንደደከመው ይጻፉበትና በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ ያሳዩት፤ በምርመራ ክፍል ውስጥ ፈርቶ ዝም ያለ ሰው በቤቱ ማክሰኞ ጠዋት «ደከመኝ» ማለቱን ሐኪሙ የሚያውቀው ከዚያ ደብተር ነው።