የደም ካንሰርና የቆየ የመገጣጠሚያ ህመም አብሮ ያለበት ልጅ መድኃኒት ላይ የሚሰሩ ስህተቶች

ባህር ዳር ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሰራው። አንድ ቀን ከዘጌ በጀልባ የመጡ እናት ፌስታላቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረገፉት፣ ልጃቸው የደም ካንሰር ህክምና ላይ ነች፣ ከዛ በፊት ደሞ መገጣጠሚያዋን የሚያሳብጥ ህመም ነበረባት፣ ፌስታሉ ውስጥ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ሁለት ብልቃጥ አለ፣ "አንዱ ለጉልበቷ አንዱ ለካንሰሩ ነው ልጄ" አሉኝ።

ትልቁ ስህተት እሱ ነው፣ ለየሀኪሙ የራሱን ወረቀት ብቻ ማሳየት። ሜቶትሬክሴት ለሁለቱም ህመም ይታዘዛል፣ በአፍ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ነው። ከተደረበ ወይም በየቀኑ ከተሰጠ የአጥንት መቅኔን ይመታል፣ አፍ ያቆስላል፣ ይገድላል። እባካችሁ ቀኑን ካርቶኑ ላይ በእስክርቢቶ ጻፉት፣ ፌስታሉን ሙሉውን ለሁለቱም ሀኪም ዘርግፉላቸው።

ሌላው ጉልበቷ ሲያብጥ ዳይክሎፌናክ ወይ አይቡፕሮፌን በራስ መግዛት። ሜቶትሬክሴት በኩላሊት ነው የሚወጣው፣ እነዚህ መውጫውን ያዘገዩበታል፣ በተለይ በደም ስር በብዛት በሚሰጥበት ሰሞን በጣም አደገኛ ነው፣ ኦሜፕራዞልም እንደዛው። ለመገጣጠሚያ በሚሰጠው ትንሽ መጠን ግን ሀኪም አስቦበት ማስታገሻ አብሮ ሊያዝ ይችላል፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። ባክትሪም የሚባለው አንቲባዮቲክም እንደዚሁ፣ ሀኪሟ የሳንባ ኢንፌክሽን እንዳይዛት በተወሰነ ቀን ያዝላታል፣ ለተቅማጥ ብላችሁ በላዩ ስትጨምሩበት ግን ከሜቶትሬክሴት ጋር ተጋግዞ የደም ሴሎቿን ቁጥር ያወርደዋል።

አንጀቱ ለሚቆስል ልጅ የሚታዘዘው አዛቲዮፕሪን ሰውነት ውስጥ ሲገባ መርካፕቶፑሪን ነው የሚሆነው፣ ስለዚ የካንሰሩ መርካፕቶፑሪን ሲጀመር ሁለቱን አብሮ መስጠት አንዱን መድኃኒት ሁለቴ መስጠት ነው። ዩሪክ አሲድ የሚቀንሰው አሎፑሪኖል ከተጨመረ ደሞ የመርካፕቶፑሪኑ መጠን ወደ ሩብ ገደማ መውረድ አለበት።

ቪንክሪስቲን የሚባለውን የካንሰር መርፌ የሚወጋ ልጅ ለፈንገስ ኢትራኮናዞል ወይ ቮሪኮናዞል ሊሰጠው ሲል ሀኪሙ ይወቅ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ቪንክሪስቲኑ ይበረታና ነርቭ ይጎዳል፣ ሆድ ክፉኛ ያደርቃል።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ፊቷን አሳበጠው ብላችሁ በአንዴ አታቁሙ፣ ለሳምንታት የወሰደ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ሆርሞን ማምረት ትቶ ስለሚቆይ ልጅቷ ድንገት ልትወድቅባችሁ ትችላለች። ትኩሳትንም ይደብቃል፣ ፓራሲታሞልም ይደብቃል፣ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ላይ ያለ ልጅ ካተኮሰው ማታም ቢሆን ሆስፒታል ውሰዱት እንጂ ሽሮፕ ሰጥታችሁ አታሳድሩት።

ዳማከሴውን ጤና አዳሙንም ንገሩን፣ የሚቆጣ የለም። እኚህ እናት ሳፍር ነው ያልተናገርኩት አሉኝ፣ የካንሰር ሀኪሟ ስልክ እስኪያነሳ አብረን ጠበቅን፣ የጉልበቷን ብልቃጥ አስቀርልኝ አለ።