ዘ ኦፕንን ከወሎ ሆነው ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወንድ ጎልፈኞች በየዓመቱ ከሚወዳደሩባቸው አራት ሜጀሮች (ትልልቆቹ ውድድሮች) የመጨረሻውና አንጋፋው ዘ ኦፕን ነው። የተጀመረው በ1860 ነው (ከቀኖቻችን በቀር እዚህ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። 154ኛው ውድድር በእንግሊዝ ሳውዝፖርት በሚገኘው ሮያል በርክዴል ሜዳ ይካሄዳል። በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በወልድያ ሆኖ ጎልፍ መከታተል የሚፈልግ ሰው ወሬውን የሚያገኘው በአብዛኛው ከስልኩና ከዲኤስቲቪ ቤት ነው። ወሬው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ይበላሻል፤ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ደግሞ የታወቁ ናቸው።

ቀኑንና ሰዓቱን ሳይቀይሩ መለጠፍ

የውድድሩ ቀን ከጁላይ 16 እስከ 19 ቀን 2026 ተብሎ ይወጣል። ይህን «ሐምሌ 16» ብሎ የለጠፈ ሰው ያመኑትን ሁሉ ያስቀራቸዋል፤ በእኛ ሐምሌ 16 ዋንጫው ከተነሣ አራት ቀን ሆኖታል። ትክክለኛው ከሐሙስ ሐምሌ 9 እስከ እሑድ ሐምሌ 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው።

ሰዓቱ ላይ የሚፈጠረው መምታታት ይብሳል። እንግሊዝ በእኛ ክረምት ከእኛ ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጆቹ በስድስት ሰዓት ይለያል። አንዱን ደምሮ ሌላውን ከመቀነስ ይልቅ ከእንግሊዝ ሰዓት ላይ በቀጥታ 4 መቀነስ ይበቃል። የእንግሊዝ ጠዋት 6፡35 ለእኛ ጠዋት 2፡35 ነው። መቀነስ የማይቻል ሲሆን መጀመሪያ 12 ይደመራል፤ የእንግሊዝ ከሰዓት በኋላ 1፡00 ሲደመርበት 13፣ ሲቀነስ 9 ይሆናል፤ ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው። ፕሮግራሙ በደቡብ አፍሪካ ሰዓት ከተጻፈ የሚቀነሰው 5 ነው። ይህን ስሌት ወደ አሜሪካ ሜጀሮች መውሰድ ግን አይሠራም። በበጋቸው ወራት በኒውዮርክ ሰዓት ላይ 1 ይደመራል እንጂ አይቀነስም።

ስም ብቻ መዘርዘር

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ብዙ ሰው «ያለፉት ተጫዋቾች ዝርዝር» ሲባል ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በብቃት የተሰለፈ የስም ዝርዝር ይመስለዋል። አይደለም። ሜዳው የሚይዘው 156 ተጫዋች ሲሆን፣ እያንዳንዱ የገባው በታወቀ መንገድ ነው። ያለፉ ሻምፒዮኖች በዕድሜ ገደብ ይገባሉ። ባለፈው ዓመት እስከ 10ኛ የጨረሱ፣ እኩል የወጡትን ጨምሮ፣ ይገባሉ። በተወሰነ ሳምንት ላይ በዓለም ደረጃ ሰንጠረዥ ከ1ኛ እስከ 50ኛ ያሉ ይገባሉ። ሌሎቹን ሦስት ሜጀሮች (ማስተርስን፣ ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕንና ዩኤስ ኦፕንን) ያሸነፉ ለአምስት ዓመት በር ይከፈትላቸዋል። ከቀሩት ብዙዎቹ በየአህጉሩ በተመረጡ ውድድሮችና በመጨረሻው ማጣሪያ ይታገላሉ። ስለዚህ ስም ስትጽፉ አጠገቡ የገባበትን መንገድና ዝርዝሩ የወጣበትን ቀን ጻፉ። ያለዚያ ነገ አንዱ በጉዳት ሲቀር ዝርዝራችሁ ውሸት ይሆናል፤ የእሱን ቦታ የሚወስደው ከተጠባባቂ ዝርዝር የሚጠራ ተጫዋች ነውና።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ሌላ ስህተት አንድን ሰው ሁለቴ መቁጠር ነው። ስኮቲ ሼፍለርን ውሰዱ። በ2025 ዘ ኦፕንን አሸንፏል፤ በዚያው ዓመት ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕንም ወስዷል፤ በ2022 እና በ2024 ደግሞ ማስተርስን አሸንፏል። ከአንድ በላይ በር ተከፍቶለታል፤ የሚይዘው ወንበር ግን አንድ ነው። ፓድሬግ ሃሪንግተንም እንዲሁ በአንድ በኩል የ2007 እና የ2008 ሻምፒዮን፣ በሌላ በኩል የ2025 የአንጋፎች ኦፕን አሸናፊ ነው። በየምድቡ ያለውን ቁጥር ደምሮ «ከ156 በለጠ» የሚለው ሰው የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ትርፍ የሆነው ቦታ ወዴት ይሄዳል? በደረጃ ሰንጠረዡ ወደ ታች አይወርድም፤ 50ኛው 50ኛ ነው፤ 51ኛው በዚያ በር አይገባም። በተመረጡት የማጣሪያ ውድድሮች ላይ ግን ነገሩ ይለያል። አንድ ውድድር ሦስት ቦታ ቢሰጥ፣ አንደኛውና ሦስተኛው አስቀድመው በሌላ መንገድ ያለፉ ቢሆኑ፣ ቦታው ለሁለተኛው፣ ለአራተኛውና ለአምስተኛው ይሰጣል። «አምስተኛ ወጥቶ እንዴት አለፈ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

የመጨረሻው ማጣሪያ ራሱ በአንድ ቀን 36 ጉድጓድ የሚያስጫውት ነው፤ ሁለት ሙሉ ዙር ማለት ነው። ጠዋት መሪ የነበረ ማታ ቦታ ሊያጣ ስለሚችል፣ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ «አለፈ» ብሎ መጻፍ ተጫዋቹንም አንባቢውንም መበደል ነው።

አማተርን ጀማሪ አድርጎ መቁጠር

አማተር ማለት በሽልማት ገንዘብ የማይጫወት ማለት ነው፤ ችሎታው ሌላ ጉዳይ ነው። ለዚህ በርክዴል ራሱ ምስክር ነው። በ1998 ጀስቲን ሮዝ የ17 ዓመት አማተር ሆኖ እዚያው ሜዳ ላይ ከስንቱ አንጋፋ በልጦ እኩል አራተኛ ወጣ፤ የመጨረሻዋን ጉድጓድ ከሣር ውስጥ በአንድ ምት ከርቀት ከትቶ ነበር የጨረሰው። ወዲያው ፕሮፌሽናል ሲሆን ደግሞ 21 ውድድር በተከታታይ ካት (ከሁለት ዙር በኋላ የሚደረገውን ቅነሳ) ሳያልፍ ቀረ። ልጁ ያው ነው፤ ጎልፍ እንዲህ ነው።

ለእኛ አህጉር ከባድ ትርጉም ያለውን በር አትርሱ። ከ2025 ጀምሮ የአፍሪካ አማተር ሻምፒዮና አሸናፊ ለዘ ኦፕን ያልፋል፤ በዚያ ዓመት ደቡብ አፍሪካዊው ብራያን ኒውማን በዚህ መንገድ ገብቷል። የአፍሪካን ተሳታፊዎች ስትዘግቡ ይህን ሳታዩ «ከማጣሪያ አልተገኘም» ማለት ጉድለት ነው።

ሰንጠረዡን ያለ ሰዓት ማንበብ

በሐሙስና በዓርብ ሁሉም ከመጀመሪያዋ ጉድጓድ ነው የሚነሡት። ሦስት ሦስት ሆነው 52 ቡድን፣ ከጠዋት እስከ አመሻሽ። ደሴ ላይ እኩለ ቀን፣ 6 ሰዓት ሲሆን፣ ከግማሽ የሚበልጠው ተጫዋች ገና አልጀመረም። ስለዚህ በዚያ ሰዓት «መሪው እገሌ ነው» ሲባል ስንት ጉድጓድ እንደተጫወተ አብሮ መነገር አለበት። ከስሙ ጎን ያለው ቁጥር 6 ከሆነ ስድስት ጉድጓድ ጨርሷል፤ «ኤፍ» ፊደል ከሆነ ዙሩን ጨርሷል፤ «ኢ» ካለ ውጤቱ ከፓር (ለጉድጓዶቹ ከተመደበው የምት ብዛት) ጋር እኩል ነው። የመቀነስ ምልክት ያለው ቁጥር ጥሩ ነው፤ በጎልፍ የሚያሸንፈው ጥቂት ምት የመታ ነውና። እግር ኳስ የለመደ ዓይን ግን ትልቁን ቁጥር መሪ ያደርጋል።

ሌላም አለ። ሦስቱ አብረው ስለሚሄዱ እርስ በርስ የተጋጠሙ ይመስላል። የገና ጨዋታ ላይ ሁለት ወገን አንዷን ሩር እንደሚሻማው አይደለም። እያንዳንዱ የራሱን ኳስ እየመታ ከ155ቱ ሁሉ ጋር ነው የሚወዳደረው።

ካት

ከ36 ጉድጓድ በኋላ የሚቀሩት 70 እና ከ70ኛው ጋር እኩል የሆኑ ናቸው፤ ስለዚህ ቅዳሜ 75 ወይም 80 ሰው ብታዩ አይግረማችሁ። ይህ ቁጥር በየሜጀሩ ይለያያል፤ ዩኤስ ኦፕን 60፣ ማስተርስ 50 ይይዛሉ፣ እኩል ከሆኑት ጋር።

ሜጀሮቹን ሁሉ ለፒጂኤ ቱር መስጠት

አንዱም የፒጂኤ ቱር (የአሜሪካው ዋና የፕሮፌሽናሎች የውድድር ማኅበር) አይደለም። ዘ ኦፕን የአር ኤንድ ኤ፣ ዩኤስ ኦፕን የዩኤስጂኤ፣ ማስተርስ የኦገስታ ናሽናል፣ ፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ የፒጂኤ ኦፍ አሜሪካ ነው። የሊቭ ጎልፍ (የፒጂኤ ቱር ተቀናቃኝ ሊግ) ተጫዋቾች ዘ ኦፕን ላይ መታየታቸው የሚያስገርመው ይህን ያልለየ ሰው ነው፤ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው አር ኤንድ ኤ ነው።

ያርድን ሜትር ማድረግ

300 ያርድ 274 ሜትር ነው። «300 ሜትር መታ» ማለት 26 ሜትር በነጻ መጨመር ነው። ከፍታውንም አትዘንጉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ በቀጭኑ አየራችን ያው ምት ወደ 10 በመቶ ገደማ ርቆ ይሄዳል። በርክዴል ባሕር ዳር ነው፣ አየሩ ወፍራም፣ ነፋሱም ኃይለኛ። እዚያ ኳሱ ያጠረበትን ሰው ደካማ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ዋንጫውን ቀድሞ መስጠት

በ2017 በዚሁ ሜዳ ጆርዳን ስፒት እሑድ 13ኛዋ ጉድጓድ ላይ ኳሱን እጅግ ወደ ቀኝ ስቶ መታ። በቅጣት ምት ወደ ኋላ ሄዶ ከመለማመጃው ሜዳ፣ የዕቃ መኪኖች ከቆሙበት አጠገብ መታ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ፤ መሪነቱም በአንድ ምት ወደ ማት ኩቻር ዞረ። ያኔ «አለቀለት» ብሎ የጻፈ ሰው ከአራት ጉድጓድ በኋላ አፍሯል፤ ስፒት ከ14ኛ እስከ 17ኛ አምስት ምት ከፓር በታች ተጫውቶ በሦስት ምት ልዩነት አሸነፈ።

ከ72 ጉድጓድ በኋላ እኩል ከሆኑም ውድድሩ በአንድ ጉድጓድ አይቋጭም። ከ2019 ጀምሮ ሦስት ጉድጓድ ተጫውተው ምቱ ይደመራል፤ ያም እኩል ከሆነ ነው አንድ በአንድ የሚለዩት። እሑድ ቤታችሁን ለተመልካች የምትከፍቱ ሁሉ፣ መደበኛው ጨዋታ ማታ 2፡30 አካባቢ ሊያልቅ ቢችልም እስከ 4 ሰዓት ተዘጋጁ። የሐምሌ ዝናብ ሲከብድ የዲሹ ምልክት ስለሚጠፋ፣ የቀጥታ ውጤቱን የሚያሳይ ስልክ ቻርጅ አድርጋችሁ ከጎናችሁ አኑሩ።